የማህፀን በር ምርመራ «ለውጥ ታየ» ሲል፦ ክትትሉ ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያስከፍላል?

አንዲት ሴት ምንም ሕመም ሳይሰማት የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ታደርጋለች። በኋላ በሚደርሳት የውጤት ወረቀት ላይ «ያልተለመደ ለውጥ ታይቷል» የሚል ቃል፣ ከጎኑም የማትረዳቸው ጥቂት ምሕፃረ ቃላት ሰፍረው ታገኛለች። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሳቸው አንዳንድ ሴቶች ካንሰር እንደያዛቸው ቆጥረው ዛሬውኑ ታክመው መገላገል ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ የሚያማቸው ነገር ስለሌለ ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡታል። ሁለቱም ሊጎዱ ይችላሉ፤ የመጀመሪያዋ ባላስፈለገ ሕክምና፣ ሁለተኛዋ ሊድን ይችል በነበረ በሽታ።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ክትትል ይባላል። ቃሉ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ምርመራውን ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ መድገም ክትትል ነው፣ የማህፀንን በር በአጉሊ መሣሪያ ማየት ክትትል ነው፣ ቁራጭ ናሙና ወስዶ ማስመርመርም እንዲሁ። ለየትኛዋ ሴት የትኛው፣ መቼ ይሁን የሚለው ጥያቄ የሚፈታው የሚገኘውን ጥቅምና የሚከፈለውን ዋጋ ጎን ለጎን አስቀምጦ በመመዘን ነው።

«ለውጥ አለ» ማለት ካንሰር አለ ማለት ነው?

አይደለም። ቅድመ ምርመራ የተዘጋጀው በሽታን ለማረጋገጥ ሳይሆን፣ ጤነኛ ከሆኑ ብዙ ሴቶች መካከል ቀረብ ተብለው መታየት ያለባቸውን ጥቂቶች ለመለየት ነው። ሥራው የወንፊት ሥራ ነው፤ የወንፊቱ ዓይን ጠበብ ባለ ቁጥር የሚያመልጠው ይቀንሳል፣ ነገር ግን በላዩ ላይ የሚቀረው ሁሉ የተፈለገው ነገር አይሆንም።

ፓፕ ስሚር የሚባለው ምርመራ ከማህፀን በር ላይ በትንሽ ብሩሽ የተነሱ ህዋሳትን በማይክሮስኮፕ ያያል። አዲሱ ምርመራ ደግሞ የህዋሳቱን መልክ ሳይሆን ለውጡን የሚያመጣውን ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስን፣ በአጭሩ ኤችፒቪን፣ ይፈልጋል። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ሲሆን እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ቫይረሱ መገኘቱ ስለ ሴቲቱም ሆነ ስለ ባሏ ጠባይ የሚመሰክረው ነገር የለም፤ ከዓመታት በፊት የተያዘ ቫይረስ ዛሬ ሊታይ ይችላልና። ከአሥር ኢንፌክሽኖች ዘጠኝ ያህሉ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በሰውነት የመከላከል አቅም ይወገዳሉ። አደጋው ያለው ለዓመታት በሚቆየው ላይ ነው፤ በተለይም ዓይነት 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር መነሻ ናቸው።

በወረቀቱ ላይ የሚጻፉት ምሕፃረ ቃላት የጥርጣሬ ደረጃዎች ናቸው። «አስከስ» ማለት ህዋሳቱ ትንሽ የተለዩ ቢመስሉም ምን እንደሆኑ መወሰን አልተቻለም ማለት ነው። «ኤልሲል» ዝቅተኛ ደረጃ ያለውን፣ «ኤችሲል» ደግሞ ከፍተኛ ደረጃ ያለውን ለውጥ ያመለክታሉ። እነዚህ ሁሉ ከላይ ከተጠረገ ህዋስ የተገኙ ግምቶች ናቸው። እርግጠኛው ስም የሚሰጠው ቁራጭ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ሲሆን፣ ያኔ ለውጡ ሲአይኤን 1፣ 2 ወይም 3 ይባላል፤ ቁጥሩ የማህፀን በርን የሚሸፍነው ስስ ንጣፍ ከታች ወደ ላይ ምን ያህሉ እንደተለወጠ ይናገራል። ሲአይኤን 3 እንኳን ገና ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር የሚባለው ለውጡ ንጣፉን ጥሶ ወደ ሥር ሲዘልቅ ነው።

በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ለምን ይከታተሉታል?

ሲአይኤን 1 በአብዛኛው የቫይረሱ ጊዜያዊ አሻራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያለ ሕክምና ይመለሳል። ሲአይኤን 2 በመካከል የቆመ ነው፤ ሳይታከሙ በቅርብ ክትትል የቆዩ ሴቶችን ያካተቱ ጥናቶች ተጠቃለው በ2018 ሲታተሙ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ እንደጠፋ፣ ሲሶ ያህሉ ባለበት እንደቆየ፣ ከአምስት አንድ የማይሞላው ደግሞ እንደተባባሰ አሳይተዋል። ሲአይኤን 3 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ዓለም የተማረው ደግሞ ሊደረግ በማይገባው መንገድ ነው።

በ1966 በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የሴቶች ሆስፒታል ኸርበርት ግሪን የተባሉ ሐኪም፣ ዛሬ ሲአይኤን 3 የምንለው ለውጥ ወደ ካንሰር አያድግም የሚል እምነት ነበራቸውና፣ ለውጡ የተገኘባቸውን ሴቶች ሙሉ ሕክምና ከመስጠት ይልቅ በመመልከት ብቻ የሚከታተል ጥናት እንዲጀመር አስፈቀዱ። ብዙዎቹ ሴቶች የጥናት አካል መሆናቸውን አያውቁም ነበር። በየጊዜው እየተጠሩ ይመረመራሉ፣ ናሙና ይሰጣሉ፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ለውጡ ግን አይነሣም። ነገሩ በ1987 በጋዜጠኞች ጽሑፍ ይፋ ወጥቶ፣ በዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት የተመራው አጣሪ ኮሚሽን በ1988 ሪፖርቱን አቀረበ። የእነዚያ ሴቶች መዝገብ እንደገና ተመርምሮ በ2008 የታተመው ውጤት እስካሁን የክትትል ሁሉ መለኪያ ነው፦ ናሙና ከመውሰድ ያለፈ ሕክምና ካላገኙት መካከል በ30 ዓመት ውስጥ 31 በመቶ ያህሉ ካንሰር ያዛቸው፤ በአግባቡ ከታከሙት መካከል ግን የተያዙት 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ነገር ግልጽ ይሆናል። አንደኛ፣ ሲአይኤን 3ን ማግኘትና ማከም የሚያስገኘው ጥቅም በሕክምና ውስጥ እምብዛም የማይገኝ ትልቅ ጥቅም ነው። ሁለተኛ፣ ከፍተኛ ለውጥ እንኳን ወደ ካንሰር የሚያድገው በወራት ሳይሆን በዓመታት ነው፤ ስለዚህ ቀላል ለውጥ የታየባት ሴት ለጥቂት ወራት ብትጠብቅ የሚያሰጋት ነገር ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ መመልከት በራሱ ክትትል አይደለም። ክትትል የሚባለው የታየው ነገር ወደ ውሳኔ ሲደርስ ነው፤ የኦክላንድ ሴቶች ለዓመታት ታይተዋል፣ ያልተደረገላቸው መወሰን ነበር።

ታዲያ ሁሉንም ወዲያው መርምሮ ማከም ምን ይጎዳል?

ዋጋው ከገንዘብ ይጀምራል፣ በገንዘብ ግን አያበቃም። ኮልፖስኮፒ የሚባለውን፣ የማህፀን በር በአጉሊ መሣሪያ የሚታይበትን ምርመራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሴቲቱ ለማህፀን ምርመራ በተዘጋጀው አልጋ ላይ ትተኛለች፤ ስፔኩለም በሚባለው መሣሪያ የብልቷ ግድግዳ ተከፍቶ የማህፀን በሩ ይታያል። ሐኪሟ ጥጥ ኮምጣጤ በሚሸት አሴቲክ አሲድ ትነክርና በሩን ታረጥበዋለች፤ ከዚያም አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤናማው ክፍል ሮዝ እንደሆነ ሲቀር፣ ኒውክለሳቸው (የህዋሱ እምብርት) የገዘፈና የተጠጋጉ ህዋሳት ያሉበት ቦታ ቀስ በቀስ ነጭ እየሆነ ይመጣል። ከነጩ ቦታ ላይ ከሁለት እስከ አራት የሚደርሱ ጥቃቅን ቁራጮች ይቆነጠራሉ። ለአንዳንዷ ሴት እንደ መቆንጠጥ ያለ ነው፤ ለሌላዋ የወር አበባ ቁርጠት ይመስላል። ለጥቂት ቀናት ትንሽ ደም ሊታይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ውጤቱን መጠበቅ አለ። ያ ጥበቃ ያለ እንቅልፍ የሚያልፍባቸው ሴቶች አሉ። ሚዛኑ ላይ ከሥራ የቀረችበት ቀን፣ የመንገዱ ወጪ፣ ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው መፈለጓ፣ ለቤተሰብ እንዴት ልንገር የሚለው ጭንቀቷ ሁሉ ይቆጠራሉ። አንድ ስሌት እነዚህን ትቶ የክሊኒኩን ወጪ ብቻ ከቆጠረ የሂሳቡን ግማሽ አልሠራም ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከምርመራው ይልቅ ሳያስፈልግ የሚከተለው ሕክምና ነው። የተለወጠውን ክፍል ለማንሣት በብዛት የሚሠራበት «ሊፕ» የተባለው ዘዴ፣ በኤሌክትሪክ በጋለ ቀጭን የሽቦ ቀለበት የማህፀን በሩን ክፍል ቆርጦ ያወጣል። የማህፀን በር እርግዝናን ይዞ የሚያቆይ መዝጊያ ስለሆነ ከእርሱ የሚቀነስ ነገር በኋላ ሊታወቅ ይችላል። ብዙ ጥናቶችን አጠቃሎ በ2016 የታተመ ትንተና፣ ጊዜው ሳይደርስ የሚወለድ ልጅ ሕክምናውን ካላገኙ እናቶች መካከል በ5.4 በመቶ፣ ካገኙት መካከል ግን በ10.7 በመቶ እንደታየ አሳይቷል፤ የተቆረጠው ክፍል በጠለቀ መጠንም አደጋው ይጨምራል። እርግጥ ነው፣ ቅድመ ካንሰር ለውጥ ኖሮባቸው ያልታከሙ ሴቶችም ከሌሎች ትንሽ ከፍ ያለ አደጋ አላቸው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የቢላዋው ሥራ አይደለም። ለሲአይኤን 3 ይህ ሊከፈል የሚገባው ዋጋ ነው። በራሱ ይጠፋ ለነበረ ለውጥ መክፈል ግን ኪሳራ ነው።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። በስኮትላንድና በእንግሊዝ ቀላል ለውጥ የታየባቸውን ከ4,000 በላይ ሴቶች ያሳተፈው ቶምቦላ የተባለ ጥናት ውጤቱ በ2009 ታትሟል። በመጀመሪያው ጉብኝት ወዲያው ቆርጦ የማከም ዕጣ ከደረሳቸውና በዚያው ከታከሙት ሴቶች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ የተቆረጠው ክፍል ሲመረመር ሲአይኤን 2 ወይም 3 አልተገኘባቸውም።

ሚዛኑ እንዴት ይሠራል?

ስንዴና እንክርዳድ በቡቃያነታቸው አይለዩም። ገበሬው ገና ሲበቅሉ ልንቀል ቢል ስንዴውንም አብሮ ይነቅላል፤ ዘር እስኪጥሉ ቢተዋቸው ደግሞ ማሳው ይበላሻል። ስለዚህ እስኪለዩ ድረስ እየተመላለሰ ያያል። በማህፀን በር ክትትልም ጊዜ ራሱ መመርመሪያ ነው፤ ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ ቫይረሱ ከጠፋ ቀላል የነበረው ለውጥ ማንነቱን አሳየ ማለት ነው፣ ከቆየ ደግሞ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ ግን መጠበቅ ሳያስፈልግ ሌላ ርካሽ ምርመራ መለያውን ያቀርበዋል። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የተመራና 5,000 ያህል ሴቶችን ያሳተፈ አንድ ጥናት፣ «አስከስ» የተባለ ውጤት ያላቸው ሴቶች ሁሉም ወደ ኮልፖስኮፒ ከሚላኩ ይልቅ በመጀመሪያ የኤችፒቪ ምርመራ ቢደረግላቸው ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። በ2001 የታተመው መልስ፣ የኤችፒቪ ምርመራው ሲአይኤን 3 ወይም ካንሰር ካለባቸው 100 ሴቶች 96ቱን እንደሚያገኝ፣ ወደ ኮልፖስኮፒ የሚላኩትም ከጠቅላላው 56 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆኑ ነበር። ከግማሽ የሚቀርበው ወጪና እንግልት ቀረ፣ ጥቅሙ ግን ከሞላ ጎደል ተጠበቀ። ያው ጥናት «ኤልሲል» የተባለ ውጤት ላላቸው ሴቶች ይህ ብልሃት እንደማይሠራ አሳይቷል፤ ከእነርሱ መካከል ከ80 በመቶ በላይ ቫይረሱ ስለሚገኝባቸው ምርመራው ማንንም ከማንም አይለይም። አንድ ምርመራ ዋጋ የሚኖረው ውሳኔን መለወጥ ሲችል ነው።

ከዚህ ትምህርት የተወለደው አሠራር የውጤቱን ስም ሳይሆን አደጋውን ይጠይቃል፦ እንደዚህች ሴት ያለ ውጤትና ታሪክ ካላቸው 100 ሴቶች መካከል ዛሬ ሲአይኤን 3 ወይም ከዚያ የከፋ ነገር የሚኖርባቸው ስንት ናቸው? በአሜሪካ በ2019 በወጣው የባለሙያዎች ስምምነት መሠረት፣ መልሱ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኮልፖስኮፒ ይመከራል፤ ከ4 በታች ከሆነ ሴቲቱ በተወሰነ ጊዜ ተመልሳ ትመረመራለች፤ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆነችና ዕድሜዋ 25 ከሞላ፣ ናሙና ሳይጠበቅ ወዲያው ማከም ይመረጣል። አራት የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በዚያ ወለል ላይ 100 ሴቶች ሲላኩ 96ቱ የከፋ ነገር ሳይገኝባቸው ይመለሳሉ፣ 4ቱ ደግሞ ሊድን በሚችልበት ጊዜ ይደረስላቸዋል ማለት ነው። ወለሉ ወደ አንድ ቢወርድ አንዲትን ሴት ለማግኘት 99ኙ ይንገላታሉ፤ ወደ ሃያ ቢወጣ እስከ 19 የሚደርሱ ሴቶች እንዲጠብቁ ይፈረድባቸዋል። ይህን ወለል የት ላይ ማድረግ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጥያቄ ነው።

የጤና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህንኑ ጥያቄ በገንዘብ ቋንቋ ያቀርቡታል፦ አንድ ተጨማሪ የጤና ዓመት ለማትረፍ ስንት ያስወጣል? ቁልፉ ያለው «ተጨማሪ» በሚለው ቃል ላይ ነው። የመጀመሪያው የክትትል ምርመራ ከተደበቀው አደጋ አብዛኛውን ያገኛል፤ ሁለተኛው ከቀረው ላይ ጥቂት ይጨምራል፤ አምስተኛው ከሞላ ጎደል ምንም አይጨምርም፣ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚያስወጣው ገንዘብና የሚያስከትለው እንግልት እኩል ነው። «በየስድስት ወሩ ማየት በየዓመቱ ከማየት ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሚዛኑ ለሁሉም ሴት አንድ ነው?

አይደለም። ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ኢንፌክሽኑ በብዛት ይገኛል፣ በብዛትም ይጠፋል፣ ካንሰር ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ልጅ መውለዱም ገና ከፊታቸው ነው። ስለዚህ ሲአይኤን 2 ቢገኝ እንኳን ብዙ ጊዜ በቅርብ መጠበቅ ይመረጣል። በእርግዝና ወቅት ኮልፖስኮፒ ማድረግ ይቻላል፣ ሕክምናው ግን ካንሰር ካልተጠረጠረ በቀር ከወሊድ በኋላ ይቆያል።

ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ያለባቸው ሴቶች ጉዳይ ወደ ተቃራኒው ያጋድላል። በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች ስድስት እጥፍ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለሌሎች ሴቶች ከ30 ዓመት ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመት የሚመክረውን የኤችፒቪ ምርመራ ለእነርሱ ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመት እንዲሆን ይመክራል። ለከፍተኛ ደረጃ ለውጥ ታክማ የዳነች ሴትም «ተገላገልኩ» ብላ መዝገቡን መዝጋት የለባትም፤ አደጋዋ ለረጅም ዘመን ከሌሎች ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ከላይ የጠቀስኩት ስምምነት ክትትሉ ቢያንስ ለ25 ዓመት እንዲቀጥል ይላል። ከሕክምና በኋላ ከክትትል የሚቀሩት ብዙዎች ስለሆኑ ይህን ነጥብ ማንም አንባቢ ባይዘነጋው እመኛለሁ።

ተመልሶ መምጣት የማይቻል ከሆነስ?

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሴቲቱ ስትጠራ ትመጣለች በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ሦስት ጊዜ መመላለስ የሚጠይቅ ክትትል፣ ክሊኒኩ ሩቅ በሆነበትና ኮልፖስኮፒ በማይገኝበት ቦታ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። በ2022 በዓለም ላይ 660,000 ያህል ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር እንደተያዙና 350,000 ያህሉ እንደሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል፤ ከሞቱት አብዛኞቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሚዛኑ ራሱ ይለወጣል። «መርምሮ ማከም» በሚባለው አሠራር፣ ምርመራው ለውጥ ወይም ቫይረስ ካሳየና የማህፀን በሩ ታይቶ ተስማሚ ሆኖ ከተገኘ፣ ናሙና ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወይም በቅርብ ጊዜ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ማከም ይቻላል። ለውጡ ወደ ውስጠኛው የማህፀን በር ቀዳዳ የዘለቀ ከሆነ ወይም ካንሰር ከተጠረጠረ ግን ይህ ሕክምና አይሆንም፤ ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላክ ይኖርባታል። በዚህ መንገድ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው የሚታከሙ ሴቶች ይኖራሉ፤ ይህ ታውቆ የተመረጠ ዋጋ ነው። ሕክምናው ከመቁረጥ የቀለለ ነው፤ በሌላው ወገን ያለው ደግሞ ሲአይኤን 3 ይዛ ሄዳ የማትመለስ ሴት ናት።

ሐኪምን ምን መጠየቅ ይጠቅማል?

«ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» ከሚለው ይልቅ «የእኔ ዓይነት ውጤት ካላቸው መቶ ሴቶች ስንቶቹ ከባድ ለውጥ ይገኝባቸዋል?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ መልስ ያስገኛል። ቀጥሎም የተገኘው የኤችፒቪ ዓይነት 16 ወይም 18 መሆን አለመሆኑን፣ ያለፉት ምርመራዎች ውጤት ግምት ውስጥ መግባቱን፣ ሕክምና ከታሰበ ደግሞ በናሙና የተረጋገጠው ደረጃ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ወደፊት መውለድ የምትፈልግ ሴት ይህንን ከመታከሟ በፊት መናገሯ የሚቆረጠውን ጥልቀት ሊለውጥ ይችላል። «ተመለሽ» ከተባለች ቀኑ በትክክል ተጽፎ ይሰጣት፤ «ከጊዜ በኋላ» የሚባል ቀጠሮ የለም።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ምልክት የሌላትን ሴት ነው። ከግንኙነት በኋላ፣ ከወር አበባ ውጪ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም የታያት ሴት፣ ወይም ሽታ ያለው ያልተለመደ ፈሳሽ የማይለቃት ሴት፣ የቅርብ ጊዜ ውጤቷ ጤናማ ቢሆንም እንኳን የክትትል ቀኗን ሳትጠብቅ ወዲያው መታየት አለባት።